የበጎ ሥራ መዝገብ

በመንግሥት መሥሪያ ቤት በሒሳብ ክፍል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራን ሰው ነን። ትምህርታችን ሁለተኛ ደረጃን ከጨረስን በኋላ ብዙ አልቀጠለም፤ ከዚያ ወዲህ የተማርነውን ሁሉ የተማርነው በገቢና በወጪ ዐምድ መካከል ነው። ስለዚህ ስለ ቡድሃ ሃይማኖት ለመጻፍ ብዕር ስናነሣ፥ አንባቢ «ይህን ሰው ምን አገባው?» ቢል አንቀየምም። የምንጽፈው እንደ ሊቅ አይደለም። አንድ ጊዜ በሰው ሀገር ያየነውና የሰማነው ነገር በገዛ ቤታችን ጉዳይ ውስጥ ገብቶ እንቅልፍ ስለ ነሣን ነው።

እናታችን ያረፉት በ2008 ዓ.ም. በግንቦት ወር ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ያህል በአልጋ ላይ ነበሩ። ሕመማቸው እንደ ጠና፥ እኛም የሒሳብ ሰው እንደ መሆናችን፥ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ገዝተን ለመድኃኒት፥ ለሐኪምና ለመኪና የወጣውን ሁሉ ቀኑን እየጠቀስን እንጽፍ ጀመር። ለሦስታችን ለልጆቻቸው ሦስት ዐምድ አሰመርን። አሳባችን ክፉ አልነበረም፤ ወይም ክፉ አይደለም ብለን እናምን ነበር። የታላቅ ወንድማችን ዐምድ ሞላ፤ የእኛም ሞላ። በእኅታችን ዐምድ ግን ጥቂት መስመር ብቻ ነበረ። የተዝካሩ ዕለት ማታ፥ ድንኳኑ ገና ሳይነቀል፥ ያን ደብተር አውጥተን «እስኪ እንተሳሰብ» አልን። እኅታችን ደብተሩን ተቀብላ የራስዋን ዐምድ ከላይ እስከ ታች በጣትዋ ተከተለችው። ከዚያም መልሳ ሰጠችንና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። አንድ ቃል አልተናገረችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስድስት ወር ያህል ሳንነጋገር ቀረን።

በ2009 ዓ.ም. በጥር ወር ለመዝገብ አያያዝ ትምህርት ወደ ኮሎምቦ ተላክን። እውነቱን ለመናገር የተመረጠው ሌላ ባልደረባችን ነበር፤ እርሱ በመታመሙ ዕጣው ወደ እኛ ዞረ። ስሪ ላንካ እስከ 1972 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ድረስ ሴይሎን ትባል የነበረች፥ አባቶቻችን በሻይዋ የሚያውቋት ደሴት ናት። በ2012 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በተደረገው ቆጠራ ከሕዝቧ ከመቶ 70 ያህሉ የቡድሃ ተከታይ ሆኖ ተገኝቷል። «ቡድሃ» ማለት በጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ «የነቃ» ማለት ነው፤ ከእኛ ሀገር «ቡዳ» ጋር የሚያገናኘው የድምፅ መቀራረብ ብቻ ነው። ይህን መጻፋችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከጎረቤቶቻችን አንዲት አሮጊት «ልጄ፥ ቡዳ ወደሚመለክበት ሀገር ነውን የምትሄደው?» ብለው አማትበው ሸኝተውናል።

በምንማርበት ቤት የመዝገብ ክፍሉን የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እንግሊዝኛቸው እንደ እኛው ዝግ ያለ ስለ ነበረ በቶሎ ተግባባን። በሻይ ዕረፍት እናታችን በቅርቡ ማረፋቸውን ብንነግራቸው፥ የእርሳቸውም እናት ከሞቱ ሦስት ወር ሊሞላቸው መሆኑን ነገሩን፤ ለሦስተኛው ወር መታሰቢያም ቤታቸው እንድንገኝ ጋበዙን። በዚያች ሀገር ለሞተ ሰው በሰባተኛው ቀን፥ በሦስተኛው ወርና በዓመቱ መነኮሳትን ጠርቶ ማብላት የተለመደ ነው። ይህንም «ዳና» ይሉታል፤ መስጠት ማለት ነው።

ቤቱ ከከተማው ዳር በኮኮናት ዛፎች መካከል የተሠራ ትንሽ ቤት ነበረ። ጎረቤቱ ሁሉ ከማለዳ ጀምሮ ተሰብስቦ ሴቶቹ ሩዝ ሲያበስሉ፥ የወጡ ዐይነት ሲበዛ፥ ወንዶቹ ምንጣፍ ሲያነጥፉና ነጭ ጨርቅ ሲያለብሱ ስናይ፥ በሰው ሀገር መሆናችንን ረሳነው። ድንኳን ብቻ ነው የጎደለው። ረፋዱ ላይ መነኮሳቱ በሰልፍ መጡ። ከፊታቸው አንድ ሰው በእነርሱ ዘንድ የተቀደሰ ቅሪት ያለበትን ትንሽ ሣጥን በራሱ ላይ ተሸክሞ ይሄዳል። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ የሽማግሌው ልጅ ጎንበስ ብሎ የእያንዳንዱን መነኩሴ እግር በውሃ አጠበ፤ ወንድሙም በፎጣ አደረቀ። ልጁ የባንክ ሠራተኛ ነው ብለውናል፤ መልካም ሸሚዝ ለብሶ ነበር። የሸሚዙ እጅጌ እስኪርስ ድረስ ሲያጥብ ቆመን አየነው፤ ዐይናችንን ከዚያ ለማንሣት ለምን እንዳስቸገረን ግን ያን ጊዜ አላወቅንም።

መነኮሳቱ ግድግዳውን ተከትለው ተቀመጡና ቤተሰቡ በየተራ አበላቸው። ከእኩለ ቀን በኋላ እህል መቅመስ በሥርዓታቸው የተከለከለ ስለ ሆነ ሁሉም በጊዜው ተፈጸመ። ከዚያ ዋናው መነኩሴ ጥቂት አስተማሩ፤ በመጨረሻም የሟቿ ልጆችና የልጅ ልጆች ሁሉ አንድ የውሃ ማንቆርቆሪያ በጋራ ይዘው፥ በሳሕን ላይ በተቀመጠች ትንሽ ጽዋ ውስጥ ውሃ ያፈሱ ጀመር። መነኮሳቱ ያዜማሉ፤ ጽዋዋ ሞልታ ውሃው ወደ ሳሕኑ እስኪፈስ ድረስ አላቋረጡም። ትርጓሜው፥ ከዚህ ምጽዋት የተገኘው በጎነት ሞልቶ ተርፎ ለሟቿ ይድረስ ማለት ነው።

እንግዶቹ ከተበተኑ በኋላ ከሽማግሌው ጋር በረንዳ ላይ ተቀመጥን። እኛም በሞያችን ልማድ፥ «እንግዲህ ይህ እንደ ሐዋላ ነው፤ እርስዎ እዚህ ይከፍላሉ፥ እናትዎ እዚያ ይቀበላሉ» አልናቸው። ሽማግሌው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን የሚያዋርድ አልነበረም።

«ሐዋላ ቢሆን ኖሮ የተቀባዩ አድራሻ ያስፈልገን ነበር» አሉ። «እናቴ የት እንደ ተወለደች አላውቅም። ሰምታ ልትደሰት በምትችልበት ስፍራ ከሆነች፥ ይህን አይታ ትደሰታለች፤ የሚጠቅማትም ያ የራስዋ ደስታ ነው። በሌላ ስፍራ ከሆነችም የሰጠነው በከንቱ አይቀርም። ደግሞም ሐዋላ ሲላክ የላኪው ኪስ ይጎድላል። በጎነት ግን ከመብራት መብራት እንደ ማብራት ነው፤ ያበራው አይጎድልበትም።»

ቀጥለው የነገሩን ነገር ለእኛ እጅግ አዲስ ነበረ። ሰው ሲሞት ከሥጋው ወጥታ ወደ ሌላ ሥጋ የምትገባ ነፍስ አለች ብለን ይህን ሃይማኖት የምንተረጉም ብዙዎች ነን፤ እነርሱ ግን እንዲህ ያለችውን የማትለወጥ ነፍስ አይቀበሉም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት በሰሜን ምዕራብ ሕንድ የነገሠው ግሪካዊው ሜናንድሮስ ይህንኑ ነገር ናጋሴና የተባለውን መነኩሴ እንደ ጠየቀው የሚተርክ ጥንታዊ መጽሐፍ አላቸው። እንደ ገና የሚወለደው የሞተው ራሱ ነውን፥ ወይስ ሌላ? የመነኩሴው መልስ በአጭሩ፥ ራሱም አይደለም፥ ሌላም አይደለም የሚል ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሚነድ መብራት በመጀመሪያው ክፍለ ሌሊትና በመጨረሻው ነበልባሉ አንድ አይደለም፤ ነገር ግን መብራቱ ያው ነው። ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው እንግዲህ ዕቃ አይደለም፤ የምክንያትና የውጤት ተከታታይነት ነው። ይህን ስንሰማ ሰው አንድ ጊዜ እንደሚሞትና በኋላም ፍርድ እንዳለ ተምረን ላደግን ለእኛ ነገሩ በቀላሉ የሚዋጥ አልነበረም፤ ዛሬም አልዋጥነውም። ግን አንድ እምነት የራሱን ነገር እንዴት እንደሚያስረዳ በትክክል መስማት፥ ከመቀበልም ከመንቀፍም አስቀድሞ የሚገባ ነገር ይመስለናል።

«ታዲያ ጥሩ ልደት የሚያስገኘው ምንድር ነው?» ብለን ጠየቅን።

«ካርማ» አሉ። ካርማ ማለት ሥራ ማለት ነው፤ ቡድሃ ግን ሥራን የተረጎመው በአሳብ ነው ብለው አስረዱን። እጅ የሠራው ሳይሆን ልብ ያሰበው ነው የሚመዘነው። ሳያይ ጉንዳን የረገጠ ሰውና አስቦ የረገጠ ሰው አንድ አይደሉም። በግድ የሰጠና በደስታ የሰጠ አንድ አይደሉም፤ ምንም እንኳ ገንዘቡ ከሳንቲም እስከ ሳንቲም እኩል ቢሆን። ይህ ንግግር በእኛ ሞያ ላይ የመጣ ፈተና ነው። በሒሳብ ክፍል ውስጥ ልብን የሚመዘግብ ቅጽ የለም። እኛ የምናውቀው ሕግ፥ ሰነድ የሌለው ወጪ ወጪ አይደለም የሚል ነው።

የልደት ስፍራዎቹ ብዙ ናቸው፤ በመጻሕፍታቸው 31 ደረጃ ተቈጥሯል። ከታች ሲኦላት፥ እንስሳት፥ የተራቡ መናፍስት አሉ፤ ከላይ ሰማያት አሉ። ልብ የሚያሰኘው ግን ከሲኦሉም ከሰማዩም የማይወጣ የለም መባሉ ነው። በሰማይ የተወለደ ሰው የበጎነቱ ስንቅ ሲያልቅ ይወርዳል። ስለዚህም ከሁሉ የሚመረጠው ልደት የሰው ልደት ነው ይላሉ። በሰማይ ያለው ምቾቱ ያዘናጋዋል፥ በታች ያለው ስቃዩ ፋታ አይሰጠውም፤ ሰው ግን ደስታና መከራ ተመጥኖ ስለሚደርሰው ሊያስብ ይችላል። ይህም ልደት እንዴት ብርቅ እንደ ሆነ ሲያስረዱ የዕውር ኤሊ ምሳሌ አላቸው። በሰፊ ውቅያኖስ ላይ አንድ ቀዳዳ ያለው ቀንበር ነፋስ ወዲያና ወዲህ ያንገላታዋል፤ ከባሕሩ ሥር ያለው ዕውር ኤሊ በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ ይላል። ብቅ ባለ ጊዜ አንገቱ በዚያ ቀዳዳ ውስጥ የመግባቱን ያህል ነው፥ ወደ ታች የወደቀ ፍጥረት ተመልሶ ሰው የመሆኑ ዕድል። የቲቤት መምህራን ደግሞ ይህን የሰው ልደት በ8 ነጻነትና በ10 ጸጋ ከፋፍለው ያስተምራሉ፤ ሙሉ ሕዋሳት ይዞ መወለድ፥ ትምህርቱ በሚሰማበት ሀገር መወለድና ይህን የመሰለውን ሁሉ ያካተተ ነው።

በሳምንቱ ውስጥ ሙሉ ጨረቃ ሆነ። በዚያች ሀገር ወር በመጣ ቁጥር የሙሉ ጨረቃ ቀን በዓል ነው፤ መሥሪያ ቤት ይዘጋል፥ መጠጥ አይሸጥም። ሽማግሌው በዚያ ቀን ነጭ ለብሰው በመቅደሱ ግቢ ከብዙ ሰው ጋር ተቀምጠው አገኘናቸው። በአዘቦት ቀን አምስቱን ትእዛዝ ይጠብቃሉ፤ እነዚህም አለመግደል፥ አለመስረቅ፥ አለማመንዘር፥ አለመዋሸት፥ አለመስከር ናቸው። በዚህ ቀን ግን ስምንት ይሆናል። ከባልና ከሚስት ግንኙነት መለየት፥ ከእኩለ ቀን በኋላ አለመብላት፥ ከዘፈንና ከጌጥ መራቅ፥ በከፍተኛና በምቹ አልጋ አለመተኛት ይጨመራል። ለእኛ ለጾም ሰዎች ይህ እንግዳ አልሆነብንም፤ ጾሙ ከእኩለ ቀን በኋላ የሚጀምር መሆኑ ብቻ ነው ያስገረመን።

ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠን ዋናውን ጥያቄ ያቀረብነው ያን ቀን ነው። መጻሕፍቱ የመጨረሻው ግብ ኒርቫና ነው፥ ይኸውም ፍትወት፥ ጥላቻና ድንቁርና ጠፍተው ከመወለድና ከመሞት ዙሪያ መውጣት ነው ካሉ፥ ለሚቀጥለው ልደት ይህን ያህል መድከም ለምን ነው? ሽማግሌው ብዙ ቆዩ።

«ልጄ፥ እኔ የመዝገብ ቤት ሰው ነኝ» አሉ። «በዚህ ዕድሜዬ ወደ ጫካ ገብቼ እንደ መነኮሳቱ አእምሮዬን ማጥራት አልቻልሁም። ዐይኔን ጨፍኜ ትንፋሼን ስከተል ሦስት ሳልቈጥር የልጅ ልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ትዝ ይለኛል። የምመኘው እንደ ገና ሰው ሆኜ፥ ቢቻል ጤና ኖሮኝ፥ ወደ ፊት የሚመጣው ቡድሃ ማይትሬያ በሚያስተምርበት ጊዜ መወለድ ነው። ያን ጊዜ ምናልባት ከዛሬው የተሻለ ሰሚ እሆን ይሆናል።»

ይህ የእርሳቸው ብቻ ምኞት አይደለም፤ በዚያች ደሴት ብዙ ሰው እንዲህ ይመኛል። ሊቃውንቱም አይንቁትም። ከ982 እስከ 1054 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር የኖረውና ወደ ቲቤት ሄዶ ያስተማረው ሕንዳዊው አቲሻ፥ ሰዎችን በሦስት ደረጃ ከፍሏቸዋል። ከታች ያለው መልካም ልደትን ይሻል፤ መካከለኛው የራሱን ነጻነት ይሻል፤ ከሁሉ በላይ ያለው ፍጥረትን ሁሉ ነጻ ለማውጣት ይሻል። የታችኛው ደረጃ የኋለኞቹ መሠረት እንጂ የተነቀፈ አይደለም። በጃፓን ደግሞ ሺንራን (1173–1263) የተባለው መምህር ከዚህ የተለየ መንገድ አስተምሯል፤ ሰው በገዛ ጥረቱ ስለማይበቃ በአሚዳ ቡድሃ ቃል ኪዳን ታምኖ በንጹሑ ምድር ይወለዳል ብሏል። እኛ ከእነዚህ ሁሉ የሽማግሌው ንግግር ይበልጥ ነክቶናል። ሰው የራሱን መጠን አውቆ ሲናገር መስማት በየትኛውም ሃይማኖት ቢሆን ዘወትር የሚያጋጥም ነገር አይደለም።

ከኮሎምቦ ወደ ሰሜን 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን ጥንታዊቱን ከተማ አኑራዳፑራን ያየነው በትምህርቱ መጨረሻ ነው። ቡድሃ በሥሩ ተቀምጦ ነቃበት ከተባለው ዛፍ የተወሰደች ቅርንጫፍ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት በዚያ ተተክላ፥ ዛሬም በወርቅ ቀለም ምሰሶ ተደግፋ ትታያለች። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ሩዋንወሊሳያ የተባለው ታላቅ ነጭ ሕንጻ አለ። ከፍታው ከ90 ሜትር በላይ ሆኖ፥ በምድር ላይ የተደፋ ታላቅ ጽዋ ይመስላል። ያሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት የነገሠው ዱቱገሙኑ ነው፤ ታሪኩም «ማሃቫምሳ» በተባለው የደሴቲቱ ታሪከ ነገሥት ተጽፏል።

ሕንጻው ሳያልቅ ንጉሡ ለሞት የሚያደርስ ሕመም ያዘው። ወንድሙም ንጉሡ ሥራው ተፈጽሞ አይቶ እንዲሞት ብሎ ያልተጨረሰውን ክፍል በነጭ ጨርቅ አስሸፈነው፤ ንጉሡም በአልጋ ተሸክመውት ዞሮ አየ። ከዚያም የበጎ ሥራውን መዝገብ አምጥተው እንዲያነቡለት አዘዘ። ይህን ሽማግሌው ሲተርኩልን ጆሮአችን እንዴት እንደ ቆመ አንባቢ ሊገምት ይችላል። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ንጉሥ የበጎ ሥራ ሒሳብ መዝገብ ነበረው! ጸሓፊው ቀርቦ አነበበ፤ የተሠሩት ገዳማት 99፥ ለዚህኛው ሕንጻ የወጣው ይህን ያህል፥ ለዚያኛው ያን ያህል። ንጉሡ ግን፥ በዙፋን ላይ ሆኜ የሰጠሁት ይህ ሁሉ ልቤን ደስ አላሰኘውም አለ። ደስ ያሰኙት በመከራ ጊዜ የሰጣቸው ሁለት ስጦታዎች ብቻ ነበሩ። አንደኛው በረኀብ ዘመን የጆሮ ጌጡን ሰጥቶ በገዛው የዳጉሳ ዐይነት እህል ገንፎ አምስት መነኮሳትን ያበላው ነው። ሁለተኛው በጦርነት ተሸንፎ ከአንድ ባለሟሉና ከአንዲት ፈረስ ጋር ሲሸሽ፥ በረኀብ ላይ ሳለ የራሱን ድርሻ ለመጣ መነኩሴ የሰጠው ነው። ከዚያም ከሰማያት ሁሉ ሠረገሎች ወርደው ሲጠሩት፥ ማይትሬያ የሚኖርበትን ሰማይ መርጦ ሄደ ይላል ታሪኩ።

ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ያስከፋን ነገር አለ፤ እርሱን ሸፍነን ብናልፍ ሐቀኞች አንሆንም። ይኸው ንጉሥ ኤላራ የተባለውን የታሚል ንጉሥ በጦርነት ገድሎ መንግሥቱን ከያዘ በኋላ፥ ያለቀውን ሠራዊት እያሰበ ሰላም አጣ። ያጽናኑት ዘንድ የመጡት ቅዱሳን መነኮሳት ግን፥ የገደልከው አንድ ሰው ተኩል ብቻ ነው አሉት ይላል፤ የቡድሃን መንገድ የተቀበለ አንድ፥ ትእዛዙን የጠበቀ ሌላ፥ የቀሩት ከአውሬ የማይሻሉ ናቸው ብለው። ሰውን ከዐምድ አውጥቶ ሒሳብን ማስተካከል እኛ በሞያችን የምናውቀው ማታለያ ነው፤ በመነኩሴ ብዕር ስለ ተጻፈ ስሙ አይለወጥም። በዚያች ደሴት ከ1983 እስከ 2009 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር የእርስ በርስ ጦርነት ስለ ነበረ፥ ይህ ገጽ ዛሬም ብዙ ያከራክራል። ሽማግሌውን ብንጠይቃቸው «የጻፈው ሰው ነው፤ ቡድሃ እንዲህ አላለም» አሉና፥ ያው ንጉሥ ለተገደለው ጠላቱ መቃብር ክብር እንዲሰጥ ማዘዙን ጨመሩ። ስለ ጦርነቱ ግን ሌላ ነገር ለመናገር አልወደዱም፤ እኛም አልገፋንም።

ወደ ኮሎምቦ የተመለስነው መሽቶ ነው። የውሎ አበላችንን ለመመዝገብ ደብተራችንን አወጣን። ደብተሩ ያው ነበረ፤ የተረፉት ገጾች እንዳይባክኑ ብለን ይዘነው ሄደናል። ያን ማታ ግን ከመጨረሻው ገጽ ፈንታ ከመጀመሪያው ገለጥነው። ንጉሡ እንዳደረገው፥ ደስ የሚያሰኝ መስመር እንፈልግ ጀመር።

የሐኪም፥ የመድኃኒት፥ የመርፌ፥ የመኪና። ገጽ በገጽ ሄድን። ድምሩ ትክክል ነበረ፤ አንድም ስሕተት አላገኘንበትም። ደስ የሚያሰኝ ግን አልነበረም፤ እያንዳንዱን ስንከፍል የወንድማችንንና የእኅታችንን ዐምድ በዐይናችን ጥግ እያየን መክፈላችን ትዝ አለን። አንድ መስመር ላይ ብቻ ቆምን፤ «ብርቱካን» ይላል። የምሳችንን ገንዘብ ከፍለን ገዝተን፥ እናታችን መብላት አቅቷቸው አሽትተውት ብቻ ፈገግ ያሉበት ብርቱካን ነው። እርሱንም ግን ጽፈነዋል።

የእኅታችን ዐምድ ሦስት ጊዜ «ታክሲ» አንድ ጊዜ «ሳሙና» ይላል። ሌላ የለበትም። እኅታችን ከሥራ ስትወጣ በየማታው ትመጣ ነበር። ውሃ ታሞቃለች፤ የእናታችንን እግር በጣቶቻቸው መካከል ሳይቀር አጥባ፥ አድርቃ፥ ቫዝሊን ትቀባለች፤ ጀርባቸው እንዳይቈስል ታገላብጣቸዋለች። ከዚያ በኋላ ነው እናታችን እንቅልፍ የሚወስዳቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲሆን እኛ በዚያው ክፍል ውስጥ፥ መብራቱ አጠገብ ተቀምጠን፥ የቀኑን ወጪ እንጽፍ ነበር። ደረሰኝ ስላልነበረው አልታየንም። የባንኩ ሠራተኛ በደጃፉ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲያጥብ ዐይናችን ለምን እንደ ተተከለ ያን ጊዜ ገባን።

ሽማግሌው በረንዳው ላይ ከነገሩን አንዱን አስቀርተን ነበር፤ የዚህ ስፍራ ነውና አሁን እንናገረው። ከዐሥሩ የበጎ ሥራ ዐይነቶች አንዱ፥ ሌላው ሰው በሠራው በጎ ነገር ከልብ መደሰት ነው ይላሉ። ገንዘብ የሌለውም፥ ጊዜው ያለፈበትም ሰው ይህን ሊሠራ ይችላል። ያን ቀን ስንሰማው ከሁሉ የቀለለ መስሎን አልፈነው ነበር። በሌላ ሰው በጎ ሥራ ለመደሰት ግን በመጀመሪያ ያን ሥራ ማየት ያስፈልጋል፤ ቀጥሎም የራስን ዐምድ መዝጋት።

በኮሎምቦ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነበረ፤ በእኛ ሀገር ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ስልክ ደወልን። ለረጅም ጊዜ ጠራ።

«እትዬ» አልናት።

«ምን ሆነህ ነው? ታመምህ?» አለች። ከስድስት ወር በኋላ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

አለመታመማችንን ነገርናት። ከዚያ ስለ መነኮሳቱ፥ ስለ እግር ማጠቡ፥ ስለ ንጉሡ መዝገብ እየተደነቃቀፍን ተረክንላት፤ በወረቀት ላይ እንዳሰፈርነው ያለ ሥርዓት አልነበረውም። ስለ እናታችን እግር ስንደርስ ድምፃችን አልታዘዝ አለን። በደብተሩ ውስጥ ያልተጻፈውን እንዳየን፥ ስላየነውም ደስ እንዳለን፥ አሳፍሮንም እንደ ነበረ ነገርናት። እኅታችን ዝም አለች። የመንገድ ጡሩምባና የልጅዋ ድምፅ ከሩቅ ይሰማን ነበር።

«ይህን ለማወቅ ሕንድ ድረስ መሄድ ነበረብህ?» አለች በመጨረሻ።

«ሕንድ አይደለም፤ ስሪ ላንካ ነው» አልን።

«ይሁን። ውሃው እዚያ ይጠጣል?»

እንደሚጠጣ፥ ነገር ግን አፍልተን እንደምንጠጣ ነገርናት። ጥቂት ስለ ልጆቹ አወራን፤ ስለ ወንድማችንም ጠየቅናት። ልንዘጋ ስንል አንድ ነገር ጨመረች፤ በድምፅዋ ውስጥ የቀድሞው ሳቅዋ በጥቂቱ የተመለሰ መሰለን።

«ይህን የስልክ ሒሳብ ደግሞ» አለች፥ «በማን ዐምድ ልትጽፈው ነው?»